ፍቅሬ ነው ወይስ ሕመሜ?

«ይድረስ ለእትዬ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ዕድሜዬ 17 ሲሆን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ 9ኛ ክፍል ሳለሁ፣ ለስድስት ቀን ያህል እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋኝ፤ ድካምም አልነበረኝም። በሁለት ሌሊት አንድ ሙሉ ደብተር ግጥም ጻፍኩ። ጫማዬን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠች ነዳይ ሰጥቼ በባዶ እግሬ ቤት ገባሁ። በመጨረሻ ጠዋት ሰልፍ ላይ ከርእሰ መምህሩ እጅ ማይክሮፎን ነጥቄ ተናገርኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ሌሎች ግን ያስታውሳሉ። መጀመሪያ ጸበል፣ ቀጥሎ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ባይፖላር ነው ተባለ፤ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚነሣበት፣ አንዴ የሚወድቅበት ሕመም። ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ከአልጋ መነሣት አቃተኝ፤ ባልኖር ይሻል ነበር ያልኩበት ሌሊትም ነበር። አሁን ደህና ነኝ። ማታ ማታ ቫልፕሮት እወስዳለሁ፤ እጄን ያንቀጠቅጠኛል፣ አወፍሮኛልም።

አሁን አንድ ልጅ አለ። እዚያው ትምህርት ቤት 12ኛ ክፍል ነው። ከቤተ መጻሕፍት አብረን እንወጣና እስከ ሰፈራችን መታጠፊያ ይሸኘኛል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ምግብ አልበላልሽ ብሎኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ማታ በቴሌግራም ስንጻጻፍ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ይሆናል። አንድ ግጥም ጽፌለታለሁ። አራት ስንኝ ብቻ ናት፤ ስሰርዝ ስደልዝ አንድ ሳምንት ፈጅታብኛለች። ለእሱ አልሰጠሁትም፤ ለእርስዎ ግን ልኬዋለሁ። ደስ ሲለኝ ወዲያው እፈራለሁ። እናቴም ትፈራለች፤ ስልኬን እያየሁ ስስቅ አይታ ‹መድኃኒትሽን ውጠሻል?› አለችኝ። በትምህርት ቤት ዝግጅት ላይ ቡና ስቀዳ እጄ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ልጁ ‹ምን ሆነሽ ነው?› ቢለኝ ‹በርዶኝ ነው› አልኩት። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን አራት ሌሊት ሳልወስድ አድሬያለሁ። ስለ ልጁ የምታውቀው ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ብቻ ናት። ጓደኛዬ ‹ሕመምሽን ከነገርሽው አማኑኤል ብሎሽ ይሸሻል› ትለኛለች። ይህ ፍቅር ነው ወይስ ሕመሜ ነው? ልንገረው ወይስ ልተወው? እኔን የመሰለች ሰው ማፍቀር ትችላለች?»

ልጄ፣

መጨረሻ ላይ የጠየቅሽውን መጀመሪያ ልመልስልሽ፤ ትችያለሽ። ያችን ጥያቄ ስትጽፊ እስክሪብቶውን ምን ያህል ተጭነሽው እንደነበር ወረቀቱ ይናገራል፤ ጀርባውን በጣቴ ስዳስሰው ፊደሉ ሁሉ ወጣ ወጣ ብሏል። የቀሩትን ጥያቄዎች ቀለል ባለ እጅ ነው የጻፍሻቸው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህ ይታወቅልሽ፤ ባይፖላር ያለበት ሰው ያፈቅራል፣ ይፈቀራል፣ ያገባል፣ ይኳረፋል፣ ይታረቃል። በ26 ዓመት የሥነ አእምሮ ነርስነቴ ታካሚዎቼ ይህንን ሁሉ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ አንዳንዶቹ ከእኛ ከነርሶቹ በተሻለ።

ስልክሽን ጽፈሽልኝ ስለነበር ስለ አራቱ ሌሊቶች ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ተነጋግረናል፤ የተባባልነውን ሌሎችም እንዲሰሙት ብዬ ነው የምደግመው። መድኃኒት ያመለጠው ሰው ለማካካስ ብሎ ደርቦ አይውጥም። አንድ ሁለት ቀን ከሆነ በተለመደው መጠን ይቀጥላል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በራሱ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቃል፤ አንቺም በማግስቱ ያደረግሽው ይህንኑ ነው። ሐኪም ይቆጣኛል ብሎ መፍራት የተለመደ ነው። ቢቆጣም ተቆጥቶ ያበቃል። ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ የሚያገረሸው መድኃኒቱ በተቋረጠ ማግስት ሳይሆን ሰንበትበት ብሎ ነው፤ ሰውየው «ይኸው ትቼው ምን ሆንኩ?» እያለ በሚኩራራበት ሰሞን ይደርሳል። ስንቱን እንዲህ ሲመለስ ተቀብያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

ሁለቱን መለየት ስላቃተሽ ራስሽን እንደ ሞኝ አትቁጠሪ። በ2007 እ.ኤ.አ. የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ፍቅር ገና የያዛቸውን ታዳጊዎች ካልያዛቸው እኩዮቻቸው ጋር አስተያይተው ነበር። ያፈቀሩት ከሌሎቹ ያነሰ ይተኛሉ፣ ጉልበት ይሰማቸዋል፣ ሐሳብ ይፈልቅላቸዋል። መጠይቅ ሲሞሉ ያገኙት ውጤት ሐኪሞች ሃይፖማንያ ከሚሉት፣ ቀለል ካለው የማንያ (በባይፖላር ስሜት ከልክ በላይ የሚነሣበት ሁኔታ) ዓይነት ጋር ይመሳሰል ነበር። እነዚህ እንግዲህ ጤነኞቹ ናቸው። የእኛም ቋንቋ ቢሆን ሁለቱን ለያይቶ አያውቅም፤ «በፍቅሯ አበደ» ብለን በፈገግታ እናወራለን። ይህንኑ ሰው በፈገግታ የሚያወራው አፍ ስላንቺ ሲሆን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አብዳ ነበር» ይላል።

ታዲያ በምን ይለያል? እኔ የምተማመነው በእንቅልፍ ነው። ለይተሽ ስሚኝ። ከልጁ ጋር ስትጻጻፊ ሌሊቱ ተጋምሶ፣ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ስትቀሰቀሺ ዓይንሽ አልገለጥ ካለ፣ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዴስኩ ላይ ካንቀላፋሽ፣ እንቅልፍ አጥተሻል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ፍቅርም፣ ፈተናም፣ የጎረቤት ሠርግም ያመጣዋል። ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝተሽ ማንም ሳይቀሰቅስሽ ተነሥተሽ፣ እንደ ጠገበ ጥጃ ስትቦርቂ ከዋልሽ፣ በማግስቱም እንዲሁ ከሆንሽ ግን እንቅልፍ አላስፈለገሽም ማለት ነው። በዘጠነኛ ክፍል የሆንሽው ይህንን ነበር፤ «ድካምም አልነበረኝም» ብለሽ ራስሽ ጽፈሽዋል። ሁለት ሌሊት በተከታታይ እንዲህ ከሆነ ሦስተኛውን አትጠብቂ፤ ደስታሽ ምንም ያህል ጣፋጭ ቢሆን ወደ ክሊኒኩ ሂጂ። በስልክ እንደነገርሽኝ አሁን ጠዋት ጠዋት የምትነሺው እናትሽ ብርድ ልብሱን ስትገፍሽ ነው። ይህንን ስትነግሪኝ በሆዴ ደስ አለኝ።

ችግሩ፣ በዚህ ሕመም የመጀመሪያው ዓይነት እንቅልፍ ማጣት ሁለተኛውን መጥራት መቻሉ ነው። ሰው ለመሳሳቅ ብሎ ያመሸው ምሽት ሲደጋገም የተኛውን ሕመም ሊቀሰቅሰው ይችላል። ስለዚህ ልጁን ተይው አልልሽም፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት የሚደርሰውን ቴሌግራም ግን ተይው። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር፤ ከራስጌሽ ሥር አይደር። ለልጁም «ከአራት ሰዓት በኋላ አልጽፍም፣ ጠዋት እመልስልሃለሁ» በይው። ምክንያቱን አሁን መንገር የለብሽም። እንደውም ስለ ልጁ ብዙ ነገር የምታውቂው በዚህች ነው። «እሺ፣ ደህና እደሪ» ብሎ ከተወሽ አንድ ነገር ነው። በየሌሊቱ በአምስት ሰዓት «ተኛሽ እንዴ?» እያለ የሚልክ፣ ካልመለስሽለት የሚያኮርፍ ከሆነ ስለ ሕመምሽ ሳይሰማም ለሕመምሽ አይሆንም።

ሌላው መለያ የራስሽ ነው። የሕመሙ አነሣሥ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ገንዘብ ይበትናል፤ አንዱ ከሁሉ ጋር ይጣላል፤ አንዲት የማውቃት ሴት ሊያማት ሲል ሌሊት ተነሥታ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ታጥብ ነበር። አንቺ ደግሞ ትሰጫለሽ፣ ትናገሪያለሽ፣ ትጽፊያለሽ። ያን ጊዜ ልብሽ ለነዳይዋም፣ ለተሰለፈው ተማሪም፣ ለደብተሩም ተበትኖ ነበር። አሁን በአንድ ልጅና በአንድ መታጠፊያ ላይ ተሰብስቧል። ሕመሙ አንድ ሰው ላይ ሙጭጭ የሚልበት ጊዜም ስላለ ይህ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ከእንቅልፉ ጋር አብረሽ ካየሽው ግን ጥሩ ምስክር ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ እኔን ያሳመነኝ ግጥምሽ ነው። በሁለት ሌሊት ደብተር የሞላችው ልጅና ለአራት ስንኝ ሳምንት የፈጀባት ልጅ አንድ ሁኔታ ላይ አይደሉም። የላክሽልኝ ወረቀት ላይ ሁለተኛው ስንኝ ሦስት ጊዜ ተሰርዟል። «ዓይንህ» የሚለው ወደ «ድምፅህ» ተቀይሮ ተመልሶ «ዓይንህ» ሆኗል። ማንያ አይሰርዝም፤ ሁሉም ነገር ድንቅ ይመስለዋል። ይህን ስነግርሽ እንደ ምርመራ ውጤት አትቁጠሪው፣ ከሐኪምሽ ፊት የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። እንደ አንዲት አሮጊት ነርስ አስተያየት ግን ከጠየቅሽኝ፣ ፍቅር ይዞሻል።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ እንቅልፍሽን ጠብቂ፤ የቀረውን ስሜትሽን ለቀቅ አድርጊው። ልብሽ ቢመታ ይምታ። ምሳሽን ሳትጨርሺ ብትነሺ (ራትሽን ግን ብዪ፤ መድኃኒቱ ባዶ ሆድ ያቃጥላል) ምልክት ነው ብለሽ ራስሽን አትመርምሪ። ደስታን ሁሉ እንደ ሌባ የሚያይ ሰው ሕመሙ ባይነሣም ታሟል።

እናትሽ ያቺን ጥያቄ ስትጠይቅሽ ምን እንደሚሰማሽ አውቃለሁ። ሌላው ልጅ ሲስቅ «ምን አገኘህ?» ይባላል፤ አንቺ ስትስቂ ክኒን ይቆጠራል። ግን ያኔም የጀመረው በሳቅ ነበር። ጫማሽን ሰጥተሽ በባዶ እግርሽ ስትገቢ መጀመሪያ ደስ ሳይላት አልቀረም፤ በእኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር ጽድቅ እንጂ ሕመም አይመስልም። ልጄ ተባረከች ብላ እልል ያለች እናት አውቃለሁ። እናትሽ አንድ ጊዜ በሳቅሽ ተታልላለች፤ ሁለተኛ እንዳትታለል ነው የምትቆጥረው። በዚያ ላይ የጎረቤቱ ዓይን አለ። ቡታጅራ አካባቢ የአእምሮ ሕሙማን ቤተሰቦች በተጠየቁበት ጥናት ከአራቱ ሦስቱ ያህል በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው ተናግረዋል፤ ከሲሶው የሚበልጡት ደግሞ ሕመሙ እንዲደበቅ ይፈልጉ ነበር። እናትሽ ስትጠይቅሽ የምትፈራው ለአንቺ ብቻ አይደለም፤ ለራሷም ነው፤ አይፈረድባትም።

ከእሷ ጋር ተዋዋሉ። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ይኖራችኋል። በየጠዋቱ ስንት ሰዓት እንደተኛሽ ከቀኑ ሥር በእስክሪብቶ ጻፊ፤ 8፣ 7፣ 7፣ 6። እሷም ትየው፤ አንቺም አትዋሺ። በምትኩ እሷ ስትስቂ ስለ ክኒን ላትጠይቅ ቃል ትግባ። መጀመሪያ ሰሞን ቃሏን ታፈርሳለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እለፊያት። ሐኪምሽ ዘንድ ስትሄጂ ወረቀቱን ቀድደሽ ይዘሽው ሂጂ፤ «እንዴት ነሽ?» ሲልሽ «ደህና ነኝ» ከማለት ይልቅ እሱን አሳዪው። ስለ ልጁ ለእናትሽ የምትነግራት አክስትሽ ትሁን። ኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም፤ አንድ ቅዳሜ ትምጣና ቡና ይፈላ። እንዲህ ያለውን ነገር ለእናት የምትናገር አክስት ናት፤ ስንቱ ቤት የተረፈው እንዲህ ነው።

«ልንገረው?» ላልሽው መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ እሱ አሥረኛ ነበር። ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ካልሆነ፣ ያን ጠዋት ሰልፉ ላይ ቆሞ ነበር። ማይክሮፎኑን ስትነጥቂ አይቷል፤ ወይም በዚያው ቀን ሰምቷል፤ እንዲህ ያለ ወሬ ከሁለተኛው ደወል አያልፍም። አይቶ፣ ሰምቶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከቤተ መጻሕፍት እስከ መታጠፊያችሁ ይሸኝሻል። ጓደኛሽ ይሸሻል የምትለው ልጅ ለመሸሽ ሁለት ዓመት ነበረው። እንግዲህ ምናልባት አንቺ ምስጢር የምትይው ነገር ለእሱ ምስጢር አይደለም፤ ያላወቀው ስሙን ነው፣ መድኃኒቱን ነው፣ አሁን እንዴት እንደምትኖሪ ነው።

ያም ሆኖ ዛሬ ሮጠሽ ንገሪው አልልም። የሦስት ሳምንት ትውውቅ ሕመምን የመናገር ግዴታ አያመጣም። እኔ ብሆን መድኃኒቱን አስተካክዬ፣ አንድ ወር ያህል በደንብ ተኝቼ፣ ከዚያ በኋላም ልጁ የአራት ሰዓቷን ነገር ሲያከብር ካየሁ እነግረው ነበር። ሳትነግሪው ዓመት እንዲያልፍ ግን አትተዪ። ምክንያቱን በአንድ ታሪክ ልንገርሽ።

አንዲት ታካሚዬ ሳትናገር አግብታ መድኃኒቷን በርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ፣ በላስቲክ ጠቅልላ ታስቀምጥ ነበር። ባልየው አንድ ቀን ሽሮ ሊሠራ ገብቶ (መቼም ያን ቀን ምን ነክቶት እንደሆነ እግዜር ይወቅ) ላስቲኩን አገኘው። የወሊድ መከላከያ መሰለው። ልጅ ስጠብቅ እሷ ትከላከልብኛለች ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ክኒኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እሷ እያለቀሰች ምን እንደሆነ ተናገረች። ባልየው ዝም አለ፤ ቆይቶ «ታዲያ ይኼን ምን ብለሽ ደበቅሽኝ?» አላት። ሕመሙን ተቀበለው፤ መደበቁን ግን ሊቀበለው አልቻለም። ዛሬ ሦስት ልጆች አሏቸው፤ በተጣሉ ቁጥር ግን የበርበሬውን ቆርቆሮ ያነሣባታል።

ስትነግሪው ታዲያ በአፍሽ ንገሪው፤ በቴሌግራም አትጻፊው። የተጻፈ ነገር ፎቶ ተነሥቶ በማግስቱ የክፍሉ ሁሉ መነጋገሪያ ሊሆን ይችላል። ሲመሽ ወይም ስትለያዩ አይሁን፤ ገና መንገድ ስትጀምሩ ይሁን፣ ለመጠየቅ ጊዜ እንዲኖረው። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። «ባይፖላር የሚባል የስሜት ሕመም አለብኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ያየኸው እሱ ነበር። በየማታው መድኃኒት እወስዳለሁ፣ እጄ የሚንቀጠቀጠው በእሱ ነው፤ አሁን ደህና ነኝ።» ይህ ይበቃል። ስለዚያች የከፋች ሌሊት፣ ስለ ጸበሉ፣ ሆስፒታል ስለ ቆየሽባቸው ቀናት አሁን አትናገሪ፤ እነዚያ ያንቺ ናቸው፣ ወደፊት ብትፈልጊ ትሰጪዋለሽ። ደግሞም አስታማሚ አታድርጊው። ክኒንሽን የሚያስታውስሽ እሱ አይሁን፤ ለዚያ ቤተሰብ አለሽ። ልጁ 12ኛ ክፍል ነው፣ የራሱ ጭንቀት ይበቃዋል።

ቢሸሽስ? ሊሸሽ ይችላል። ወጣት ነው፤ ቤተሰብ ይኖረዋል፣ የሚያስፈራራው ጓደኛ አይጠፋም። ያማል፤ አያምም ብዬ አልዋሽሽም። ባይሸሽ እንኳ ፈተናውን ቢያልፍ ዩኒቨርሲቲ የሚመደብበት ከተማ አይታወቅም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ልጆቻችን መለያየትን የሚለማመዱት ገና ለፈተና ሲሄዱ ነው። ስለዚህ ይህን ከአሁኑ አስቢበት፤ ቢከፋሽ በዚያው ቀን የምትሄጂው ወደ ማን ነው? ከአክስትሽ ጋር ተነጋገሪና የምትሄጂበትን ሰው ስም ያዢ። ማዘንና መታመም ይለያያሉ። ያዘነች ልጅ ታለቅሳለች፣ አልፎ አልፎ ትስቃለች፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ያህል ይከብዳታል። ከሁለት ሳምንት በላይ ሙሉ ቀን ከአልጋ ካልተነሣሽ፣ ወይም ያቺ «ባልኖር» የምትለው ሐሳብ አንድ ጊዜ እንኳ ብትመለስ፣ ሌሊትም ቢሆን እናትሽን ቀስቅሻት፤ «ያ ሐሳብ መጣብኝ» በያት፣ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ማደር የማይቻል ከመሰለሽ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ከዛሬ ጀምሮም የመድኃኒቱ ሙሉ ጥቅል እናትሽ ዘንድ ይቀመጥ፤ ማታ ማታ የዕለቱን ብቻ ተቀበያት። ይህ አንቺን አለማመን አይደለም፤ እኔ ቤትም እንዲሁ ነው የሚቀመጠው።

ሐኪምሽን የምትጠይቂው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው መንቀጥቀጡና ውፍረቱ ነው፤ ሁለቱንም ቫልፕሮት ያመጣቸዋል፣ መጠኑ ሲስተካከል ወይም መድኃኒቱ ሲቀየር ሊቀንሱ ይችላሉ። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ቫልፕሮት የምትወስድ ሴት ብታረግዝ በፅንሱ ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል፤ ከአሥር ሕፃናት አንዱ ያህል የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል፣ ከአሥሩ ሦስት አራቱ ደግሞ በአእምሮ እድገታቸው ይጎዳሉ። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ለልጃገረዶችና በመውለጃ ዕድሜ ላሉ ሴቶች እንዳይሰጥ ይመክራል። ይህን የምልሽ ልጁን ጠርጥሬ አይደለም፤ ልጁ ባይኖርም እነግርሽ ነበር። በየከተማው ያለው የመድኃኒት ዓይነት ውስን በመሆኑ አሁንም ለብዙ ሴቶች ይታዘዛል። «ለእኔ የሚሆን ሌላ አለ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን እስክታገኚ ግን በራስሽ እንዳታቆሚው፤ በአራቱ ሌሊቶች ያየነው ይበቃናል።

ስለ ጸበሉ በደብዳቤሽ ጠርዝ ላይ በትንሿ የጻፍሽውን አይቻለሁ፤ «ከጸበሉ ጋር አይወሰድም ያሉን ሰው ነበሩ» ብለሻል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ያንቺም ክኒን ከዚያ የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም፤ ነፍስ አባትሽን ጠይቂ። ጾሙም አይከለክልሽም፤ የምትወስጂው ማታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የምፈራው ጫትን ነው። የፈተና ሰሞን ነው፣ ወሎ ነው፤ «ለጥናት» ብሎ አንድ ዘለላ የሚያቀብል አይጠፋም። ለሌላው ልጅ አንድ ሌሊት መንቃት የሆነው ነገር ለአንቺ የስድስት ቀኑ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። አትንኪው። ልጁ የሚቅም ከሆነም አጠገቡ አትቀመጪ።

ጓደኛሽ በስድብነት ያነሣችው አማኑኤል በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት አገሪቱ የነበራት ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነው። ትርጉሙ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» የሆነ ስም እንዴት ስድብ እንደሆነ ሳስብ ይገርመኛል። ለጓደኛሽ ይህን ንገሪያት፤ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከሰባቱ አንዱ አንድ ዓይነት የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ሁሉም እንደ አንቺ ባይፖላር አይደለም፤ ጭንቀትም ድብርትም ሌላም ነው። ክፍላችሁ 56 ተማሪ ነው ብለሽኛል። ስምንት ማለት ነው። አንዷ አንቺ ነሽ፤ ሰባቱን እሷ ትፈልጋቸው፣ ምናልባትም ከራሷ ትጀምር ይሆናል።

«በርዶኝ ነው» ያልሽው ውሸት ደሴ ላይ ለጊዜው ያስኬዳል። በሚቀጥለው ዝግጅት ግን ስኒውን እስከ አፉ አትሙዪው፤ ጎደል ያለ ስኒ እጅ ቢንቀጠቀጥም አይፈስም። ረከቦቱን ወደ አንቺ ሳብ አድርጊ፣ ክንድሽን ጉልበትሽ ላይ አሳርፊ። እኔ በዕድሜዬ ምክንያት እንዲህ ነው የምቀዳው።

ግጥሟን ሦስት ጊዜ አንብቤያታለሁ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ «ዓይንህ» የሚለው ይሻላል፤ መጀመሪያም ልክ ነበርሽ። አራተኛው ግን ቤት አልመታም። አንድ ሳምንት ጨምሪበት።